የጀርመኗ መኪናና የሙሽራ መንገድ

ያሲን የጀርመኗን የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ሰቆጣ የገባ ዕለት ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። ለሙሽራ ሊያከራያት ሚኒባሱን ሸጦ፣ የሚስቱን የዓሲያን ወርቅ ጨምሮ ነው የገዛት። ያን ዓመት ያለ እሷ ሠርግ አልተሠረገም ማለት ይቻላል፤ እሱም፣ እውነቱን እንናገርና፣ ትንሽ ልቡ አብጦ ነበር።

ከዚያ ደግሰው የሚባል ሌላ ሾፌር የቻይናዋን መኪና አመጣ። እሷም ነጭ፣ እሷም በኤሌክትሪክ የምትሄድ፤ ዋጋዋ ግን የጀርመኗን ሲሶ አይሞላም። ኪራዩን ቢያረክሰው ማን ይፈርድበታል? በዚህ ጥር ለያሲን የቀረው አንድ ሠርግ ብቻ ነው፣ የአያ ጓንጉል ልጅ የጥሩሐረግ። እዚያም ቢሆን ደግሰው ሚዜዎቹን ሊጭን ተቀጥሯል። ያሲን በዚህ ሠርግ ካላስመሰከረ ጥር ያልቃል፣ ጾም ይገባል፣ መኪናዋም ደጃፍ ላይ ቆማ ትቀራለች።

በሠርጉ ዋዜማ መብራት ጠፋ። ደግሰው ወፍጮ ቤት ሄዶ ከጄኔሬተሩ እየሞላ፣ ያሲን ሲያልፍ ጠራው።

«ና እንጂ አንተም ሙላ፤ ወረፋ የለም።»

«የኔዋ የወፍጮ ቤት መብራት አትቀምስም» አለ ያሲን።

አዲስ አበባ የሸጠለት ሰው ጄኔሬተር እንዳታስጠጋት ብሎ አስጠንቅቆታል። ባትሪዋ ስልሳ በመቶ ሞልቷል፤ በጽጽቃ መንገድ ላይ ላለችው የሙሽራዋ መንደር ደርሶ መልስ ይበቃል። በሄደበት ከተመለሰ ነው ታዲያ። ሙሽራ ሊያመጣ የሄደ በሄደበት መንገድ እንደማይመለስ ጠፍቶት አይደለም፤ ከተማ ውስጥ ስንቴ አንዱን አስፋልት ትቶ በሌላው ዞሯል። ገጠር ግን ሌላው መንገድ ሩቅና ዳገት ነው። ለእንዲህ ያለች መኪና ሲሉ ልማዱን ይተዉታል ብሎ ራሱን አታለለ።

አልተዉትም። በማግስቱ ሙሽሮቹ ከተሳፈሩ በኋላ ያሲን የሙሽራዋን አባት ገለል አድርጎ ለመናቸው።

«አያ ጓንጉል፣ በመጣንበት እንመለስ፤ የላይኛው ይከብዳታል። እርስዎ ካሉ ሽማግሌዎቹም እሺ ይላሉ።»

«ልጄን በመጣችሁበት? ነገ ትዳሯ ባይሰምር በማን ሊመካኝ ነው?» አሉ ጓንጉል። «ደግሰው መንገዱን አስቀድሞ ጠይቆኛል። አንተ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ያሲን ገብቶ መሪውን ጨበጠ።

ዳገቱ ላይ የባትሪው ቁጥር ዓይኑ እያየ ወረደ። ሃያ፣ አሥራ አንድ፣ ስድስት። ማቀዝቀዣውን አጠፋ። ዘፈኑን አጠፋ።

«ምነው ዘፈኑ?» አለች ጥሩሐረግ ከኋላ።

«አሁን ይከፈታል እታለም» አላት፤ ዋሸ።

ጫፉ ሲቀርብ መኪናዋ ዝግ አለች፣ ከዚያ ቆመች። ከኋላ ሲመጣ የነበረው እልልታ ቀጥ አለ። ሙሽራ መንገድ ላይ ስትቆም ማንም አይወድም።

ደግሰው ወርዶ መጣ። ይስቅብኛል ብሎ ጠብቆ ነበር ያሲን፤ አልሳቀበትም። «አይዞህ፣ ያጋጥማል» አለው ብቻ፤ ይህ ከሳቁ ይበልጥ አንገበገበው። ሚዜዎቹ አጃቢው ሚኒባስ ላይ ተጠጋጉ፤ ሙሽሮቹ ቻይናዋ ውስጥ ገቡ። የቬሎውን ጫፍ በሩ እንዳይዘው ሰብስቦ ያስገባላት ራሱ ያሲን ነው። ቻይናዋ ዳገቱን ወጥታ ከዓይን ጠፋች።

ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል የሙሽራዋ አጎት ደሞዝ ወርዶ ወደ ያሲን መጣ። ሊያጽናናኝ ነው ብሎ ያሲን ቀና አለ።

«የኔዋም ልጅ ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች» አለ ደሞዝ።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለ ያሲን፣ «በደንብ ሞልቼ፣ መንገዱንም ቀድሜ ጠይቄ…»

«የለም፣ ደግሰውን ላነጋግረው ብዬ ነበር፤ ቸኩሎ ሄደብኝ። ስልኩን ታውቀዋለህ?»

ያሲን ያውቀዋል። በቃሉ ነገረው፣ ቀስ እያለ፣ ደሞዝ እስኪጽፍ እየጠበቀ። ደሞዝ አንዷን ቁጥር ሲያሳስት፣ «ስምንት አይደለም፣ ስድስት» ብሎ አረመው።