ባዶው ምድር ቤት

«ለሰፈሩ ነዋሪ በሙሉ፦ ሥራው የቆመው ሕንጻ ምድር ቤት ባዶ መሆኑን በአክብሮት እናሳውቃለን። የልማት ኮሚቴ።» ማስታወቂያው ማኅተም ነበረው፤ ሩዋንዳ ሰፈር ማኅተም የሌለውን ወረቀት የሚያምን የለም።

በሩ ላይ የለጠፉት ዘበኛው ኦቦ ለሜሳ ናቸው። የሕንጻው ባለቤት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ብረት ተወዶበት ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ዙሪያውን ክሬን እንደ ሸንበቆ ሲበቅል ይህ ብቻ እንደ ቆመ ቀረ። ከሥሩ ለመኪና ማቆሚያ የተቆፈሩት ሁለት ፎቆች አንድም መኪና አላዩም። ያዩት ዳላቲን ነው፤ የኦቦ ለሜሳን ላም። ቦታው ጤፍ ይዘሩበት የነበረ መሬታቸው ነው። መሬቱ ሲሄድ ከብቱም ተሸጠ፤ እሷን ለመሸጥ ግን አንጀታቸው እምቢ አለ።

ወተቷን ሰፈሩ በጓሮ በኩል እየመጣ ይወስዳል። ከየት ነው ሲባል ሁሉም «ከሱሉልታ» ይላል።

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ባዶው ቦታ ለምን ይዋል ብሎ ሊመክር መጣ፦ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሙሉ፣ አቶ ፍስሃና ጸሐፊዋ ሔዋን። ኦቦ ለሜሳ ላሟን ታችኛው ፎቅ አውርደው ድርቆሽ ከምረውላታል። ዛሬ አንድ ነገር ከተወሰነ ነገ የት ይወስዷታል? ቦሌ አራብሳ፣ ልጃቸው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ?

«ጂም ይሁን» አሉ አቶ ፍስሃ፣ በረት በረት የሚለውን አየር በረጅሙ እየሳቡ።

«ምንድነው የሚሸተው?» አለች ሔዋን፤ ወዲያው ግን ማለቷ ጸጸታት።

«ሲሚንቶ ነው» አሉ አቶ ፍስሃ።

«የቆየ ሲሚንቶ» አሉ ኦቦ ለሜሳ።

ወይዘሮ ሙሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ፣ ለዓመታት አንድም ፍጡር ያልረገጠው ይህ ቦታ...» ድምፃቸው ኮንክሪቱን እየመታ ወደ ታች ወረደ።

ከታች የኮቴ ድምፅ መለሰ። ለመኪና በተሠራው ዳገት፣ ሳትቸኩል፣ ዳላቲ ወጣች። ኦቦ ለሜሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ላሟ እሳቸውን አለፈች፤ አቶ ፍስሃንም አለፈች፤ ቀጥ ብላ ሄዳ የሰብሳቢዋ ቦርሳ ውስጥ አፍንጫዋን ከተተችና በጋዜጣ የተጠቀለለ ጨው ጎትታ አወጣች።



«ቆዪ እንጂ ዳላቲ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉ፣ በለመደ እጅ ግንባሯን እያከኩ። «ስብሰባ ላይ ነኝ።»