የቆየ ጭረት

የጎን መስታወቱ ከድንጋይ አጥሩ ጋር ተላትሞ ሲረግፍ ባልየው ፍሬን ከመያዙ በፊት እጁን አነሳ። ጥፊው የሚስቱን የጥሩምባን ጭንቅላት ከበሩ ጋር አጋጨው።

"በአንቺ በኩል እኮ ነው! 'ተጠጋህ' አትይም?"

"ብያለሁ።"

"መልስ አትስጪኝ!"

ጥሩምባ ያሏት ጠዋት ጠዋት ከየቤታቸው በክላክስ የምታስወጣቸው ተማሪዎች ናቸው። የትምህርት ቤት ሰርቪስ ስትነዳ ስንት ዓመቷ፤ አንድ ቀን እንኳ አጥር ነክታ አታውቅም። ለዕረፍት በመጡበት በዚህ ደሴት ግን ባሏ መሪ አላስነካትም። "ሚስቱ የምትነዳው ልባል? ሰው ምን ይላል?" አለ። ሰው የተባለው ማን እንደሆነ እንጃ፤ በደሴቱ ላይ የሚያውቀው አንድ ፍጥረት የለም።

ትናንት መኪናውን ሲከራዩ አከራይዋ ምክሯን አልሰሰተችም ነበር። ደልደል ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት።

"ወንድሜ፣ ትንሿን ውሰድ፤ የመንደሩ መንገድ ጠባብ ነው። ከአስፋልት እንዳትወጡ፤ ጎማ ቢፈነዳ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም። ደግሞ ሁለታችሁንም በሹፌርነት ላስመዝግብ፤ አንዳችሁ ብትታመሙስ?"

"እሷ አትነዳም" አለና ትልቁን መኪና መርጦ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጣ።

አከራይዋ ከጥሩምባ ጋር መኪናውን ዞረችው። ልማዷ ነው፤ እያንዳንዱን ጭረት በጣቷ ነክታ በስልኳ ታነሳዋለች። "ይሄ የቆየ ነው። ይሄም የቆየ ነው። አሁን ካላነሳነው በኋላ በእናንተ ይላከካል።" ከዚያ ዓይኗ የጥሩምባ ክንድ ላይ ያለው በለዝ ላይ አረፈ። "ይሄስ?"

"የቆየ ነው" አለች ጥሩምባ፣ እጅጌዋን ወደ ታች ስባ።

"መንጃ ፈቃድሽን ስጪኝ" አለች አከራይዋ። እጇን ዘረጋች፤ ጥሩምባም መንጃ ፈቃዷን ሰጠቻት፤ ስሟ በሁለተኛ ሹፌርነት ገባ።

እነሆ ዛሬ ባልየው መስታወቱን ሰብሮ አልበቃው ብሎ፣ ከአስፋልት ወጥቶ በኮረኮንቹ ወደ ባሕሩ ወረደ። ጎማው ፈነዳ። ክሪክ የት እንደሚገባ እንኳ ስለማያውቅ ጥሩምባ አቧራው ላይ ተንበረከከች። እሱ ከኋላዋ ቆሞ "ቶሎ በይ!" እያለ ጎኗን በጫማው ይነርታታል። የመጨረሻውን ብሎን ስታጠብቅ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ተማሪዎቿ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር ብላ ነው።

"ምን ያስቅሻል?"

መፍቻውን ከእጇ መነጨቀና ሰነዘረባት። በክንዷ መከተች፤ አጥንቷ ቋ አለ። ሁለተኛው ጉንጯን ቀደደው። ደሟ አዲሱ ጎማ ላይ ተንጠባጠበ።

ከዚያ እጁን ሊታጠብ ወደ ባሕሩ ሄደ። ከደበደባት በኋላ ሁልጊዜ እጁን ይታጠባል፤ ንጹሕ ሰው ነው።

ቁልፉ መኪናው ላይ ነበር። ጥሩምባ ገባች፣ በሩን ቆለፈች፣ ሞተሩን አስነሳች። ባልየው ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ መጣና ድንጋይ ወረወረ፤ የኋላው መስታወት ዝናብ ሆኖ ወረደ። ዞሮ ፊት ለፊቷ ተገተረ።

"ውረጂ! ዛሬ እገድልሻለሁ!"

እንደማይምራት ታውቃለች። በደህናው እጇ ክላክሱን ተጭና እንዲያ እያስጮኸች ወደ ኋላ ነዳችው። እጀታውን ሊይዝ ሲወረወር መሬት ላይ ተዘረጋ። ሳትጨፈልቀው ዞራ አስፋልት ላይ ወጣች። መጨፍለቅ አምሯት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም አምሯት ነበር።

በቀጥታ ወደ ኪራይ ቢሮው ነዳች። አከራይዋ መኪናውን ስታይ በድንጋጤ አፏን ያዘች። ልማድ ሆኖባት ግን መዞር ጀመረች፤ ከስባሪው መስታወት ወደ ኋላው መስኮት፣ ከዚያ ደም ወደነካው ጎማ። "አዲስ ነው… ይሄም አዲስ ነው…"

የጥሩምባ ስልክ ጮኸ። ባሏ ነው፤ ድምፁ እንደ ማር ሆኗል።

"የኔ ቆንጆ፣ ሰው ከጠየቀሽ ወድቄ ነው በይ፣ እሺ? መኪናውን ይዘሽልኝ ነይ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።"

ስልኩን ዘጋችው። አከራይዋ ዙሪያዋን ጨርሳ ጥሩምባ ፊት ቆመች። የተሰነጠቀውን ጉንጭ፣ ደረቷ ላይ የታቀፈችውን ክንድ አየች።

"እህቴ፣ ይሄስ?"

"ወድቄ" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ስንት ጊዜ ለስንቱ ሰው ብላዋለች። ዋጠችው።

"አዲስ ነው" አለች። በደህናው እጇ ጸጉሯን ከጉንጯ ላይ ገለጠች። "አንሺው፤ ለፖሊስ ይሆነኛል። ትናንት ያየሽውን የቆየውንም አብረሽ አንሺልኝ።"

አከራይዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደችና ስልኳን አነሳች።