የአያ ካሣዬ የውሃ ተራ

ሱዓድ ቆቦ የተመለሰችው ለእናቷ ብላ ነው፤ እናቷ ግን ተመለሽልኝ ብላት አታውቅም። አባቷ ሸረፈዲን ካረፈ ወዲህ እናቷ ሀጀራ በዚያ ሰፊ ግቢ ብቻዋን ቀርታ፣ በተደወለላት ቁጥር «ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ትል ነበር። የእናት «ደህና ነኝ» ምን ማለት እንደሆነ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ሱዓድ አዲስ አበባ ያለችውን አለቃዋን ሔራንን ለምና ስድስት ወር ቆቦ ሆና እንድትሠራ ተፈቀደላት። ሥራው የጉድጓድ ውሃ ተራን ለገበሬው በስልክ የሚያስታውቅ ፕሮግራም ነው። የገበሬዎቹ የውሃ ማኅበር ከወደደው ትቀመጣለች፤ ካልወደደው ጓዟን ጠቅልላ መመለሷ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የውሃ ተራዎቹ በመልእክት መልክ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከወረፋው የሚቀበሉ ሁለት ሰርቨሮች አሉ፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ አዲስ አበባ። አንድን መልእክት የሚያነሣው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ቀጣዩን ይወስዳል። ያነሣው ሰርቨር ለገበሬው ይልካል፤ ገበሬው አንድ ቁጥርን ጽፎ ሲመልስ ሰርቨሩ ለወረፋው «ጨረስሁ» ይላል፤ መልእክቱ የሚሰረዘው ያኔ ነው። አሥር ደቂቃ ዝም ከተባለ ግን ወረፋው «ይሄስ ሰርቨር ሞቷል» ብሎ ያንኑ መልእክት ለሌላው ይሰጣል። ሁለቴ ዝም የተባለበት ተራ፣ ውሃው በከንቱ እንዳይፈስ፣ ለተከታዩ ገበሬ ያልፋል። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ ያሰበቻት ራሷ ሱዓድ ናት፤ ኮርታባትም ነበር።

ታዲያ ለሃያ ሰባት ገበሬ እሺ ያለው ፕሮግራም አያ ካሣዬ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ተራው ለጎረቤቱ አለፈበት። ሚስቱ ውቢት አካፋ ይዛ ቦዩ አፍ ላይ ቆማ ውሃው ወደ ሰው ማሳ ሲገባ አየች። በሮቢት መንገድ ያለው ሽንኩርታቸው ጠወለገ። አያ ካሣዬ ለማኅበሩ አላመለከተም፤ የተቆጣው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሙህዲን ነው።

«የአባትሽን ወዳጅ ነው ያስጠማሽው» አላት። «ቅዳሜም ካመለጠው ወደ ድሮው የተራ ደብተር እንመለሳለን። አንቺም ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ።»

«አገሬማ ይሄ ነው» ልትለው አሰበችና ተወችው።

ለአያ ካሣዬ ደውላ መልእክቱ ይደርሰው እንደሆነ ጠየቀችው። «ይደርሰኛል እንጂ ልጄ፤ አንድም ቀን ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም» አላት። እንግዲያው ምላሹ መንገድ ላይ ይጠፋል ማለት ነው ብላ ሰርቨሮቹን ጠረጠረች። አንዱን አጥፍታ ሞከረች፤ መልእክቱ ዞሮ እዚያው ቀሪው ላይ ወደቀ። ሌላውን አጥፍታ ሞከረች፤ ያው ነው። ቀጥላ ኔትወርኩን ረገመች፤ እሱ መቼም እርግማን ለምዷል።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ማኅበሩ ቢሮ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች፤ ሙህዲን ከኋላዋ ቆመ። የደሴው ሰርቨር መልእክቱን አንሥቶ ላከ። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ምንም የለም። ወረፋው ለአዲስ አበባው ሰጠ። ስድስት ደቂቃ አለፈ። ሙህዲን ደብተሩን ከመሳቢያ ሲያወጣ ስልኳ ጮኸ።

«እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ሀጀራ። «አያ ካሣዬ ማልዶ መጥቶ እዚህ ተቀምጦ አልሄድም ብሎኝ ነው። መልእክትሽ እንደደረሰው ሁለቴ መጥቶ ነግሮኝ ነበር፤ እኔም ሰላም ብሎሻል ብዬሻለሁ። መልሴ አልደረሳትም መሰል፣ ዛሬ ለራሷ ነው የምነግራት ይላል።»

ሱዓድ ሰዓቱን አየች።

«ስልኩን ይዟል?»

«ይዟል።»

«ተቀበይውና መልእክቱን ክፈቺ። አንድ ቁጥርን ጻፊና ላኪ። ሦስት ደቂቃ ነው ያለን እማ።»

መነጽር ሲፈለግ ይሰማት ነበር። አያ ካሣዬ «ቀስ በይ፣ ምን ያጣድፍሻል» ሲል ሰማች፤ እናቷ ፊደል ስትቆጥር ሰማች። አንድ ደቂቃ ሲቀር ኮምፒውተሩ ላይ «ጨረስሁ» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ መልእክቱ ከወረፋው ወጣ። ጥቂት ቆይቶ የፓምፑ ሠራተኛ ደወለና ውሃው ወደ አያ ካሣዬ ማሳ መግባቱን ተናገረ።

«ይቀጥል እንግዲህ» አለ ሙህዲን።

ሱዓድ ባጃጅ ይዛ ቤት ስትደርስ አያ ካሣዬ ጫማውን ወልውሎ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል።

«አያ ካሣዬ፣ አንድ ቁጥር መላክ ብቻ ነበር እኮ።»

«አይቻለሁ» አለ። «ግን ስሜን ጠርተሽ እንደምን አደሩ ትያለሽ፤ ከታች ደግሞ ሱዓድ ሸረፈዲን ይላል። አባትሽ የውሃ አባት ሳለ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራዬን በእግሩ እየመጣ ነው የነገረኝ፣ በሮመዳንም ቢሆን። የእሱ ስም ቤቴ ድረስ መጥቶ እኔ ቁጥር ነክቼ ልቀመጥ? ነውር አይደለም ወይ?»

«ሽንኩርትዎ ጠወለገ እኮ።»

«ሽንኩርት ይተከላል።»

ሰላምታውንና ስሟን ያስገባችው ለወግ ያህል ነበር። ሌላው ሁሉ ቁጥሩን ልኮ ያልፋል፤ ይህ ሰው ግን ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ተሳፍሮ ይመጣል። ሱዓድ በጣም ወደደችው፤ ከመውደዷ የተነሣም ተናደደችበት። ያን ዕለት የእሱ መልእክት ከሌሎቹ ቀድሞ እንዲላክ፣ ሰርቨሩም ስድሳ ደቂቃ እንዲታገሠው፣ እናቷም በራሷ ስልክ «መጥቷል» ብላ እንድትመልስለት አደረገች።

ሰኞ ሔራን ደወለች።

«የአንዱ ገበሬ መጠበቂያ ለምን ስድሳ ደቂቃ ሆነ? የሌሎቹ አሥር ነው።»

«እሱ መጥቶ ነው የሚመልሰው።»

«የት መጥቶ?»

«ቤታችን። እናቴ ትቀበለዋለች።»

ሔራን ሳቀች፤ ከዚያ እንዲህ ያለውን ነገር እዚያው ሆኖ የሚከታተል ሰው እንደሚያስፈልግ ተናገረች። ሱዓድ «እኔ አለሁ» አለቻት።

ሀጀራ በረንዳው ላይ ማሽላ እየለቀመች ትሰማ ነበር። ቀና ሳትል «ለስንት ወር ነው?» አለች።

«ወር የለውም እማ። እዚሁ ነኝ።»

ሀጀራ ጥቂት ለቀመች፤ ከዚያ እጇ ቆመ።

«ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለች።