ትርጉሙን እርሱት

መምህሩ የድምፅ ቅጂውን ለሦስተኛ ጊዜ ከፍቶ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ድምፅ ማጉያዎቹ ትንሽ ተንጫጩና የአንዲት ጎልማሳ ሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው። የኋላ ረድፍ ወንዶች ገና ሳትጀምር ይስቁ ነበር።

"ትርጉሙን እርሱት!" አለ መምህሩ ከቅጂው በላይ እየጮኸ። "ምን አለች አትበሉ፣ እንዴት አለችው በሉ። ምላሷ የት ደረሰ? ከንፈሯ ተከፈተ ወይስ ተዘጋ? የእንግሊዝኛን ድምፆች ለመስማት መጀመሪያ የገዛ ቋንቋችሁን እንደ ባዕድ መስማት አለባችሁ።"

ይህችን አነጋገር ይወዳታል። ለአንደኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ባዘጋጀው የሥነ ልሳን መግቢያ መጽሐፍ ምዕራፍ ሦስት ላይ በደማቅ ቀለም ጽፏታል። ከፊት የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ ተማሪ የቃላቱን ጫፍ እየዋጠ፣ መሃላቸውን እየጎተተ የሴትዮዋን አነጋገር አስመስሎ ደገመው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ፈገግ አለ። ባለፈው ሳምንት "የሰው አነጋገር የበላይና የበታች የለውም" ብሎ ያስተማረው ራሱ ነበር፤ ግን ስልሳ ሦስት ተማሪ ምሳውን በልቶ በሚያንቀላፋበት በሰባት ሰዓት ክፍል እንዲህ ሲነቃለት ደስ ይለዋል።

በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው ባለመነጽሯ ልጅ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ትርጉሙን መርሳት አቃተኝ።"

"እንዴት?"

"ሴትዮዋ እኮ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ማንም እንዳያውቅብኝ ነው የሚሉት።" ወደ ድምፅ ማጉያው አየች። "ለእኛ ነው እንዴ የነገሩን?"

ሳቁ ቀጥ አለ። መምህሩ ቅጂውን ሊያጠፋ ተጣድፎ ቁልፉን ሲጫን እንደገና አስጀመረው። አርባ ጊዜ ያህል የሰማውን ነገር ያኔ ገና ሰማው።

"...የግራው ከሄደ ቆየ። የቀኙም ወደዚያው ነው፣ ጉም ጉም ይለኛል። ደረጃውን በቁጥር ነው የምወርደው፤ አሥራ ስምንት፣ ማረፊያ፣ አሥራ ስምንት። አደራሽን ልጄ እንዳትሰማ። እዚህ ካወቁብኝ ደግሞ በማግስቱ ነው የሚሸኙኝ..."

ድምፁ የእትዬ ቀስበሉ ነው። እትዬ ቀስበሉ የሕንፃው የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ወለል በወለወሉ ቁጥር አላፊ አግዳሚውን "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" ስለሚሉ ተማሪዎቹ ይህን ስም አወጡላቸው፤ እሳቸውም ስቀው ተቀበሉት። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ጠዋት ከመምህሩ ቢሮ ደጃፍ ቆመው ከእህታቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ፣ እሱ የራሱን ስልክ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አድርጎ ቀዳቸው። ሰው እየተቀዳ መሆኑን ካወቀ እንግዳ የመጣበት ይመስል አነጋገሩን ያስተካክላል፤ ለጥናት የሚሆነው ሳያውቅ የተናገረው ነው። ይህንንም ያስተምራል። ያን ቀን እንዲህ ያለ ንጹሕ ናሙና እጁ ስለገባለት ከደስታው ብዛት ቁርሱን ረስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ እያንዳንዱን ድምፅ በምልክት ጻፈው። እትዬ ቀስበሉ የት ላይ ትንፋሽ እንደወሰዱ፣ የት ላይ ድምፃቸው እንደተሰበረ በቃሉ ያውቀዋል። ድምፃቸው የተሰበረበትን ቦታ የምዕራፍ ሦስት መልመጃ አራት አድርጎታል። ለምን እንደተሰበረ ግን አንድም ጊዜ ራሱን አልጠየቀም።

"ለዛሬ ይበቃናል" አለ።

ተማሪዎቹ እንደ ወትሮው ሳይንጫጩ ወጡ። ባለመነጽሯ በሩ ላይ ቆም አለች።

"መምህር፣ እርስዎ ቴሌግራም ላይም ለቀውታል እኮ። ቤታችሁ ተለማመዱበት ብለው።"

"አጠፋዋለሁ።"

አጠፋው። ከክፍሉ ቡድን ላይ ጠፋ። ስልሳ ሦስት ስልክ ውስጥ ገብቶ የወረደውን ማጥፋት ግን አይችልም። ከታች ከደረጃው የቀልደኛው ልጅ ድምፅ ይሰማል፤ አሁንም እያስመሰለ ነው። መምህሩ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮዋ ውስጥ በወረቀት ክምር ታጥራ ተቀምጣ ጠበቀችው።

"የት ጠፋህ አንተ? የማዕረግ ዕድገትህ ገምጋሚዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ። መጽሐፍህን ወደውታል፣ ምዕራፍ ሦስትንማ ተቀባበሉት። የቀረው ይቺ ብቻ ናት።" አንዲት ገጽ ወረቀት ገፋችለት። "'በፈቃደኝነት የተቀዳ' ብለህ ጽፈሃል። የሴትዮዋ ፊርማ የታለ?"

"እንደቀዳኋቸው አያውቁም።"

ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። በሩ መዘጋቱን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አሁን ታውቃለቻ! ስጣት፣ ትፈርማለች። አንተን እንቢ የምትል ሴትዮ አይደለችም። አራት ዓመት የደከምክበትን በአንድ ፊርማ ልታበላሸው ነው? ማዕረጉ ዘንድሮ ካለፈህ ከሁለት ዓመት በፊት አታገኘውም።"

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን መጽሐፍ ገጽ በገጽ አርማለታለች። ሴትዮዋ በቅጂው ላይ ምን እንዳሉ ሊነግራት ፈለገ፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አርባ ጊዜ ሰምቶ አላስተዋለም ማለትን በየትኛው አፉ ይናገረዋል? አፈረ። ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ የባለቤቱ መልእክት ደረሰው። "እንኳን ደስ ያለን ልበል ወይስ ልጠብቅ?" ይላል። ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት ከአማቱ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አማቱ ደግ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ባሳሉ ቁጥር "መቼ ነው የምትወጡልኝ?" ያሉት ይመስለዋል። ረዳት ፕሮፌሰር ከሆነ የደመወዙ ጭማሪ ለአንድ ጠባብ ቤት ኪራይ ይበቃል። ባለቤቱ ጠዋት ሸሚዙን የአንገቱን ጫፍ ሳይቀር ተኩሳለታለች። መልስ ሳይጽፍ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

እትዬ ቀስበሉ በሁለተኛውና በመጀመሪያው ፎቅ መካከል ያለውን ደረጃ ከላይኛው ጫፉ ጀምረው እየወለወሉ ነበር። አንድ እጃቸው መወልወያው ላይ፣ አንዱ ከብረት መደገፊያው አይለይም።

"ቀስ በሉ፣ ርጥብ ነው" አሉ ቀና ሳይሉ። ቀጥለውም "መምህር ነዎት?"

"እንዴት አወቁኝ?"

"በእርምጃዎ ነዋ። የግራ ጫማዎ ይጮኻል፤ ከሰኞ ጀምሮ።"

አሁን ቀና አሉ። የሚያዩት እሱን ሳይሆን ከትከሻው ትንሽ ራቅ ያለውን ግድግዳ ነበር። በቀን አራት ጊዜ ሰላም የሚላቸውን ሴት ዓይን ልብ ብሎ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

"ፊርማዎን ፈልጌ ነበር፣ እትዬ።"

"የምን ፊርማ?"

"መጽሐፍ... የጻፍኩት መጽሐፍ አለ። ለእሱ ነው።"

"መጽሐፍ ጻፉ? ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ።" እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። "የት ጋ ነው? መነጽሬን ቤት ረስቼው ነው፣ ጣትዎን ያሳርፉልኝ።"

መነጽር አድርገው አይቷቸው አያውቅም። ወረቀቱን በተማሪዎች ስም መዝገብ ላይ ዘረጋና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። እውነቱ ይህ ነው፤ አሳረፈ። እትዬ ቀስበሉ በግራ እጃቸው ዳብሰው ጣቱን አገኙት፤ እጃቸው ከውሃው የተነሳ በረዶ ሆኗል። ብዕሩን ከጥፍሩ አጠገብ ደቀኑ።

"ለእርስዎ ከሆነማ ምን ቸገረኝ" አሉ።

መምህሩ ጣቱን አነሳ።

"ወዴት ሄደ?" አሉ፤ ብዕሩ አየር ላይ ቀረ።

"ይቀመጡ፣ እትዬ። ወረቀቱ አልተነበበልዎትም።"

"እርስዎ አንብበውት የለ?"

"አንብቤዋለሁ። ለዚህ ነው ይቀመጡ የምልዎት።"

እሱ ቀድሞ ተቀመጠ። ሱሪው የደረጃውን ውሃ መጠጠ። እትዬ ቀስበሉ መደገፊያውን ይዘው ከጎኑ ዝቅ አሉ፤ የሞት መርዶ የሚጠብቁ ይመስል እጃቸውን አጣመሩ። እሱም ማንበብ ጀመረ። "'እኔ ተናጋሪዋ፣ ድምፄ እንዲቀዳና ተማሪዎች እንዲማሩበት በሙሉ ፈቃዴ...'"

"የቱ ድምፄ?"

ነገራቸው። ስልኩን የት እንዳስቀመጠ፣ ከማን ጋር ሲያወሩ እንደነበር፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ እንደከፈተው፣ ቴሌግራም ላይ እንደለቀቀው ሁሉንም ነገራቸው። አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ከማያይ ሰው ፊት ለመሸሽ አንገት መድፋት ለምን እንደሚያስፈልግ እሱም አያውቅም።

"ስንት ሰው ሰማው?"

"ስልሳ ሦስት።"

"ሳቁ?"

"በአነጋገርዎ ሳቁ። ነገሩ ሲገባቸው ተዉ።"

"እርስዎስ?"

አልሳቅኩም ሊል ይችል ነበር። ፈገግታ ከሳቅ እንደማይቆጠር አንድ ሰዓት ሙሉ መከራከር የሚችል ሰው ነው።

"እኔም" አለ።

ከባልዲው ጠርዝ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

"አለቆቼ ዘንድስ ደርሷል?"

"በእኔ በኩል አይደርስም። የልጆቹን ግን ማለት አልችልም።"

"አሥራ አንድ ዓመት ቢሮዎን ጠርጌያለሁ" አሉ በቀስታ። "ወረቀትዎ መሬት ወድቆ ሳገኝ በጀርባው ገልብጬ ነው ጠረጴዛዎ ላይ የማኖረው። ዓይኔ ደህና በነበረ ጊዜ እንኳ አንብቤብዎት አላውቅም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ መምህሩ።

"እሱን ቆይተን እናያለን።" እጃቸውን ዘረጉ። "ወረቀቱን ይስጡኝ። ልጄ ታነብልኛለች።"

"ልጄ እንዳትሰማ ብለው..." ብሎ ምላሱን ነከሰ። ይህንንም የሚያውቀው ከዚያው ቅጂ ነው።

"ስልሳ ሦስት ሰው ሰምቶት እሷ ልትቀር ነው? ከሰው አፍ ከምትሰማስ ከእኔው ትስማ።"

ወረቀቱን ለአራት አጥፈው ሽርጣቸው ኪስ ከተቱት። ባልዲውን አንስተው ወደ ታች ወረዱ። መምህሩ ቁጭ ብሎ አዳመጠ፤ በየደረጃው ከከንፈራቸው ቁጥር ይወጣ ነበር፤ ምናልባት ሁልጊዜም ይወጣ ነበር። አሥራ ስምንት ላይ ቆሙ፣ ተንፍሰው ዞሩ፣ እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

ስልኩ ጠራ። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነው።

"ፈረመች?" አለች ኃላፊዋ፤ ከኋላዋ የወንበር መጎተት ይሰማል።

"አልፈረሙም። ምዕራፍ ሦስት ይውጣ።"

"ያለ እሱ እኮ አያልፍም፣ ታውቃለህ! ምን ብለሃት ነው እንቢ ያለችህ?"

"አነበብኩላቸው" አለ መምህሩ።