ዝም ያለው ውሻ

የውሻ ጠባይ የሚፈትኑት የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ቤረንስ ጥቁሩን ጃንጥላ ከአስኮ አፍንጫ ሥር በድንገት ዘረጉት። ውሻው ንቅንቅ አላለም። ድስት በክዳኑ ሲደበደብም፣ ሯጭ በአጠገቡ ሽው ብሎ ሲያልፍም ጆሮውን ብቻ አቁሞ ዝም አለ። ከአጥሩ ውጪ የውሻ ማሰልጠኛው ማኅበር አባላት ውሾቻቸውን እግራቸው ሥር አስተኝተው፣ የተጠበሰ ቋሊማቸውን እየበሉ ይመለከታሉ።

«አየሽ? ሐውልት!» አለ ሊቀመንበሩ ሉደርስ፣ ቪብከን በክርኑ ጎሰም አድርጎ። «ያንቺ እጅ ሥራ ነው።»

ቪብከ ዓይኗን ከውሻው አልነቀለችም። ከሀምቡርግ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ሜዳ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውሻ አሰልጥናለች። ቶርበን አስኮን ያመጣላት ገና የስድስት ወር ቡችላ ሳለ ነው። እንግዳ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፤ ጎረቤት አማረረ። ውስጡ ጥርስ ያለው የአንገት ሰንሰለት አጠለቀችለትና ለቶርበን አሳየችው።

«ሲያጉረመርም አንድ ጊዜ አጥብቀህ ሳብ፤ ወዲያው ልቀቅ። ደጋግሞ መነዝነዝ ውሻ ያበላሻል» አለችው ያኔ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ውሻው ጸጥ አለ። አባላቱ አጨበጨቡላት። ባለፈው ወር ደግሞ የቶርበን ጎረቤት አዛውንቱ ሂንሪክ ሊደባብሰው በአጥር ላይ እጁን ሲዘረጋ፣ አስኮ ያለ አንዳች ድምፅ ሁለት ጣቶቹን ነክሶ ቆረጠ። የዛሬው ፈተና ውጤት ከከፋ፣ ረቡዕ በመርፌ ይገደላል።

የመጨረሻው ፈተና ቀረ። የዶክተሯ ረዳት ወፍራም የክንድ መከላከያ አጥልቆ ቀረበና ውሻውን ዓይን ዓይኑን እያየ አጎነበሰበት። የአስኮ ጀርባ ሲገተር ቪብከ አየች። ጉሮሮው አንድ ጊዜ ወጣ ወረደ። ሊወጣ የነበረውን ነገር ዋጠው። ከዚያ ዘሎ የረዳቱን ክንድ ነከሰና ተንጠለጠለበት።

ቶርበን በግድ አላቀቀው።

«ማጉረምረም የለም። ጥርስ ማሳየት የለም» አሉ ዶክተሯ እየጻፉ። «አዛውንቱን ሲነክስስ?»

«ኧረ ምንም! ሂንሪክ ራሱ የተኛ መስሎት ነበር» አለ ቶርበን።

«ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ለሰው አይመለስም። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፤ ተጠያቂውም እርስዎ ነዎት።»

ቶርበን ወደ ቪብከ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ንገሪያቸው እንጂ፣ ቪብከ!»

«አፍሽን ያዢ» አለ ሉደርስ በሹክሹክታ። «ውሻው የሱ፣ ገመዱም በሱ እጅ። የአሰልጣኝነት ፈቃድሽን ከነጠቁሽ ሜዳው ተዘጋ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም ውሻውን በብስኩት እየለመነ ያሳድግ።»

በብስኩቱ ነገር ከሉደርስ አትለይም። አጋዘን የሚያባርር ውሻ ነገም ቢመጣላት ሰንሰለቱን ያለ ማመንታት ትስባለች። ግን አስኮን ያስጉረመረመው ፍርሃት አልለቀቀውም። ያስተወችው መናገሩን ብቻ ነው። ይህንን ሂንሪክ ሆስፒታል የገባ ዕለት አውቃለች፤ አንድ ወር ሙሉም አልተነፈሰችም።

አጥሩን ከፍታ ገባች።

«ማጉረምረሙን ያስተውኩት እኔ ነኝ» አለች። «ባጉረመረመ ቁጥር አስቀጣሁት። ቶርበን ያደረገው ያልኩትን ነው።»

ዶክተሯ ብዕራቸውን አቆሙ። «በዚህ ቃልዎ ይፈርማሉ?»

«እፈርማለሁ።»

«ታዲያ አንድ ወር ሙሉ የት ነበርሽ?» አለ ቶርበን። «ሂንሪክ ቤት አበባ ይዘሽ ስትሄጂስ? እኔን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ቤተሰቦቹ ‹ባለቤቱ ቸልተኛ ነው› ሲሉሽ ራስሽን ነቀነቅሽ!»

 

ዶክተሯ የጻፉትን ሰርዘው ከጎኑ ሌላ መስመር ጨመሩ። አስኮ ሁለት ወር በመጠለያ ይታያል፤ ድምፁ ከተመለሰ ይተርፋል፤ ካልተመለሰ አይተርፍም። ወረቀቱን ገለበጡና ባዶ ገጽ አወጡ።

«አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ» አሉ። «በዚህ ዓይነት ያሰለጠኗቸው ውሾች ስንት ናቸው?»

ቪብከ ወደ አጥሩ ዞረች። ውሾቹ በባለቤቶቻቸው እግር ሥር ተኝተዋል፤ ከአንዳቸውም ድምፅ አይሰማም። ጥያቄው እዚያ ደርሷል መሰል፣ አንዲት እናት ልጇን በክንዱ ይዛ ከውሾቹ ወደ ኋላ ሳበችው።

ከዚያም አባላቱ፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ፣ የውሾቻቸውን ገመድ እያሳጠሩ እጃቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ።