ከፍ ያለው ኮሌታ

ልብስ ሰፊዋ የልጇን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ኮሌታ ተኩሳ አለበሰቻትና የላይኛውን ቁልፍ ልትቆልፍ ጎንበስ አለች። ኮሌታው ከሌሎቹ ልጆች ኮሌታ በሁለት ጣት ይረዝማል። ልጅቷ፣ ድንቡሼ፣ አንገቷ መሀል ላይ እብጠት ነበረባት፤ ምላሷን ስታወጣ ሽቅብ ይነሳል። ልጆች “አውጪው እስቲ!” እያሉ ሲስቁባት እናቷ ምላስ ማውጣት ከልክላ ኮሌታውን አስረዘመችው።

“እማ፣ አትቆልፊው። ያመኛል።”

“ሁሌ ያመኛል ነው አንቺ።”

ብላ እናቷ ኮሌታውን ገለጥ አደረገችው። እብጠቱ ቀልቷል፤ ሲነካ ያቃጥላል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላወቀችም። ኮሌታው ከሰው ሲሸፍን ከእሷም ሸፍኖት ኖሯል።

ሆስፒታል ወሰደቻት። ሐኪሟ ልጅቷን ብርሃን ወዳለበት አዞረቻት።

“ምላስሽን አውጪልኝ፣ የኔ ቆንጆ።”

ድንቡሼ ወደ እናቷ ዞረች። “ላውጣ?”

“አውጪ” አለች እናት፣ ወለሉን እያየች።

“አብሯት የተፈጠረ ነው” አለች ሐኪሟ። “ፅንስ ሳለች መዘጋት የነበረበት ቀጭን ቱቦ ሳይዘጋ ቀርቶ ነው። አሁን አመርቅዟል። በመድኃኒት ይብረድና በቀዶ ጥገና እናወጣዋለን።”

“አምና ክሊኒክ በመርፌ መጠውት ነበር። ተመልሶ ሞላ።”

“ይሞላል፤ ፈሳሹን የያዘው ከረጢት እዚያው ነዋ። ከነሥሩ መውጣት አለበት፤ ከምላስ ሥር ካለችው ትንሽ አጥንትም መሀሏን እንቆርጣለን።”

“አጥንት?” ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ያዘች። “ድምጿስ? ዘፈን ትወዳለች እኮ፤ ጎረቤት ተማሯል።”

“አጥንቷ ከድምፅ ጋር አትገናኝም። ጎረቤት ይቻለው እንጂ።” ሐኪሟ ፈገግ አለች። “ቀጭን ጠባሳ ግን ይኖራታል።”

“እሱን እኔ እሸፍነዋለሁ።”

ካፏ ካመለጣት በኋላ ነው የሰማችው። ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት።

“ለጊዜው አንገቷን ምንም አይንካው። በየቀኑ ይዩት። እብጠቱ ከጨመረ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘዋት ይምጡ።”

ልብስ ሰፊዋ የልጅቷን እጅ ጨበጥ አደረገች።

“ቀጠሮ ይያዙላት” አለች ቀስ ብላ።

ቤት እንደገቡ መድኃኒቱን አስዋጠቻት። ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘርግታ ኮሌታውን መተርተር ጀመረች። ድንቡሼ አጠገቧ ተለጠፈች።

“ልጆቹ ቢያዩትስ?”

“ይዩት።”

“ምላስሽን አውጪ ቢሉኝስ?”

እናት እጇን ገታ አደረገች።

“ደስ ካለሽ አውጪላቸው። ካላለሽ ተያቸው።”

ድንቡሼ እዚያው ለእናቷ ምላሷን አወጣችላት። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ሳትሰብር አየቻት። ከዚያ የመጨረሻዋን ክር በጠሰች፤ ኮሌታውን አጣጥፋ ቁርጥራጭ ጨርቅ ያለበት ጆንያ ውስጥ ከተተችው።