የጎማው ሽታ

ማንአልሞሽ ከባጃጁ ወርዳ ከቤቷ ሳትደርስ ፉጨቱን ሰማችው። ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት ነው፤ የሚመጣውም ከአጥሩ ማዶ፣ ከጎረቤቷ ከዓዲላ ማድ ቤት። ይህን ድምፅ በከሚሴ ከተማ እንደሷ የሚያውቀው የለም። በሯን ከፍታ ጠረጴዛውን አየች። የኤሌክትሪክ ፕሬሸር ድስቷ የለም።

ከመጀመሪያውም ነገር አምጪ ድስት ነበር። በጨፋ በኩል መንገድ ይሠሩ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ካምፓቸውን ነቅለው ሲሄዱ ለወጥ ቤት ሠራተኛቸው ለማንአልሞሽ ሰጧት። ሰፈሩ «ምን ስትሠሪላቸው ኖርሽ?» ሲላት «ዶሮ» አለች። ውሸቷን ነው። የአሳማ ትከሻ ነበር። በርበሬና ስኳር አሽታ፣ ኮምጣጤ ጠብ አድርጋ፣ ክዳኑን ገጥማ ዘጠና ደቂቃ ትቀቅለዋለች። ከዚያ በሁለት ሹካ ስትጎትተው ሥጋው እንደ ፈትል ይተረተራል። እሷ አንድ ቀን እንኳ አልቀመሰችውም፤ ማዕተቧ ምስክር ነው። ግን ማን ያምናታል? እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ ነገር አንድ በሆነበት አገር፣ ነክቻለሁ ማለት በልቻለሁ ከማለት አይሻልም።

ባለፈው ሳምንት ዓዲላ መጣች። እናቷ ኡምኩልሱም ጥርስ ካጡ ቆይተዋል፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ደግሞ ከአጥሚት ሌላ አይወርድላቸውም። ድንገት «ሥጋ አማረኝ» ብለዋል። «ያ ድስትሽ ያለሰልሰዋል አሉ፤ አውሺኝ እስቲ» አለች ዓዲላ። ማንአልሞሽ እምቢ የምትልበት አፍ አጣች። «ልጠበውና አመጣልሻለሁ» አለቻት።

በሎሚ አጠበችው፣ በአመድ አጠበችው፣ በፈላ ውኃ ደጋገመችው። ብረቱ ጠራ። የክዳኑ ጎማ ግን አፍንጫዋን ባስጠጋች ቁጥር ያንኑ የሚያቅለሸልሽ የስብ ሽታ ይሰጣታል። ዛሬ ኮምቦልቻ ድረስ የሄደችው ለዚሁ ጎማ ነበር። የሚገጥም አጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ዓዲላ ቁልፍ እንዳላትስ እንዴት ረሳችው? ሃያ ዓመት ሙሉ የማንአልሞሽ ቤት ቁልፍ በዓዲላ ሻሽ ጫፍ፣ የዓዲላ ቤት ቁልፍ ደግሞ በማንአልሞሽ መቀነት ተቋጥሮ ነው የሚውለው። ጉርብትና ለነሱ ይኸው ነበር።

አጥሩን ዞራ ማድ ቤቱ ስትገባ፣ «ኮቱ፣ ታኢ! ነይ፣ ተቀመጪ!» አለቻት ዓዲላ በርጩማውን እየሳበች። «ስትዘገዪብኝ ገብቼ ወሰድኩት። እማ ዛሬ ነቃ ብላለች፣ አልሐምዱሊላህ። ፍየሏን ጠዋት አሳረድኩላት። ዘጠና ደቂቃ አላልሽም? ዘጠና አድርጌዋለሁ።»

ከድስቱ ላይ የቀረውን ደቂቃ የሚያሳየው ቁጥር ዐሥራ አንድ ይላል። ጎማው ስላረጀ እንፋሎቱ በጎን ያፏጫል። ከፍየሉና ከነጭ ሽንኩርቱ ሥር ያ ሽታ አለ፤ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም። ፈራች፤ ከመናገሩ ይልቅ ዝም ለማለት ምን ያህል እንደቀረበች ስታውቅ ራሷን ፈራች።

«ደረሰ ወይ?» አሉ ኡምኩልሱም ከጓዳ፣ በደከመ ድምፅ።

«አብሽሪ እማ፣ ትንሽ ቀረው!»

ማንአልሞሽ ስትወልድ ገንፎ ያበሏት እኚህ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሶላት አላሳለፉም፤ ሐራም የሚባል ነገር በደጃቸው አልፎ አያውቅም።

ስምንት። አምስት። ሁለት። ድስቱ ጮኸ። ዓዲላ እንፋሎቱን ለቀቀች፤ ግፊቱን የምታሳየው የክዳኑ ቀይ ፒን ጠቅ ብላ ወረደች። ሹካ ሲነካው ሥጋው ተተረተረ።

«ሱብሐን አላህ! እዪው እስቲ!» ዓዲላ እንደ ልጅ ሳቀች። በትንሽ ሳህን አወጣችና ወደ ጓዳ ዞረች።

«ዓዲላ፣ አትስጫቸው።»

«ምነው? ያቃጥላል?»

«አሳማ ሲቀቀልበት ኖሯል። በኔ እጅ። ሦስት ዓመት።»

ማንአልሞሽ ጩኸት ጠበቀች፤ ብትጮኽባት በወደደች። ዓዲላ ግን ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ዕቃስ ይታጠባል» አለች። «በዚህ እጅሽ የዒድ ሊጥ አቡክተሽልኛል። የእናቴን ገላ አጥበሻል። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ ልትነግሪኝ አልቻልሽም?»



«ደረሰ ወይ?» አሉ ኡምኩልሱም።

«መብራት ጠፋ፣ እማ» አለች ዓዲላ። ከዚያ የሻሿን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችና የማንአልሞሽን ቤት ቁልፍ ከድስቱ ክዳን ላይ አኖረችው።

ማንአልሞሽ መቀነቷን ዳበሰች። የዓዲላም ቁልፍ እዚያው ነበር። ቀና ስትል ዓዲላ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።